«ራጁ ምንም የለም አለ»፦ የጉልበት ጅማትና የልም አጥንት ጉዳት እንዴት ይታወቃል?

በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ ኳስ ሲጫወት ጉልበቱን የተጎዳ ወጣት ወሬ ሲነሳ ሦስት አባባሎች ይከተላሉ። አንዱ «ራጅ ተነስቶ ምንም የለም ተብሏል፤ ወለምታ ነው» ይላል። ሌላው «አዲስ አበባ ሄዶ ኤምአርአይ ካልተነሳ የሚታወቅ ነገር የለም» ይላል። ሦስተኛው «ጅማቱ ከተቆረጠ በቃ፣ ያለ ኦፕራሲዮን አይድንም» ብሎ ይደመድማል። ሦስቱም የእውነት ቅንጣት አላቸው፤ ሦስቱም ግን ያሳስታሉ። የመጀመሪያው ሕክምናን ያዘገያል፣ ሁለተኛው ቤተሰብን ያለ ጊዜው ለወጪ ይዳርጋል፣ ሦስተኛው ደግሞ ገንዘብ የሌለውን ተስፋ ያስቆርጣል።

የአውሮፓ ኳስም ለግራ መጋባቱ የራሱ ድርሻ አለው። የማንቸስተር ሲቲው ሮድሪ በመስከረም 2017 ዓ.ም. ከአርሰናል ጋር ሲጫወት ተጎድቶ ስምንት ወር ገደማ ከሜዳ ሲርቅ «ኤሲኤል» የሚለው የጉልበት ጅማት ስም ኳስ በሚታይበት ቤት ሁሉ ተደጋገመ። ተመልካቹ የሚሰማው ግን ጫፍና ጫፉን ነው፤ ተጫዋቹ ወጣ፣ ምስል ተነሳ፣ ቀዶ ጥገና ተደረገለት። በመካከሉ ሐኪሙ ጉልበቱን በእጁ የመረመረባቸው ጥቂት ደቂቃዎች ዜና አይሆኑም። የአብዛኛው ሰው መንገድ የሚለየው ግን በእነዚያ ደቂቃዎች ነው።

«ጅማት» ስንል የትኛውን ነው?

ጅማት በአማርኛ ሰፊ ቃል ነው። ጡንቻን ከአጥንት የሚያያዘውንም፣ አጥንትን ከአጥንት የሚያያዘውንም እንጠራበታለን፤ አንዳንዴ የደም ሥርና ነርቭ ሳይቀሩ በዚሁ ስም ይጠራሉ። እዚህ የምንነጋገርበት አጥንትን ከአጥንት የሚያያዘው፣ ሐኪሞች ሊጋመንት የሚሉት ነው። ጉልበት አራት ዋና ዋና ሊጋመንቶች አሉት። ሁለቱ በግራና በቀኝ ጎኑ ሆነው ወደ ጎን እንዳይከፈት ይይዙታል። ሁለቱ በመገጣጠሚያው መሃል ተጠላልፈው ያልፋሉ። የፊተኛው፣ ኤሲኤል የሚባለው፣ የቅልጥም አጥንት ወደ ፊት እንዳይንሸራተትና ሰውነት ሲዞር ጉልበት እንዳይከዳ ያደርጋል። የኋለኛው፣ ፒሲኤል፣ ወደ ኋላ እንዳይሄድ ይገታል።

ልም አጥንት የሚለው ስምም ሁለት ነገር ይጠቀልላል። አንደኛው የአጥንቶቹን ጫፍ የለበጠው ነጭና ልሙጥ ሽፋን ነው። የራሱ የደም ሥር ስለሌለው ከተጎዳ በኋላ ራሱን በደንብ መጠገን አይችልም፤ ስኮትላንዳዊው ሐኪም ዊልያም ሃንተር ይህን እ.ኤ.አ. በ1743 ጽፎታል። ሁለተኛው ሜኒስከስ ነው። በጭንና በቅልጥም አጥንት መካከል፣ በውስጥና በውጭ በኩል የተነጠፉ ሁለት የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያላቸው ትራሶች ናቸው፤ የሰውነትን ክብደት ያከፋፍላሉ። የሜኒስከስ የውጭ ጠርዝ ደም ያገኛል፣ ወደ መሃል ያለው ክፍል ግን አያገኝም። ስለዚህ በጠርዙ የተቀደደ ቢሰፋ የመግጠም ዕድል አለው፤ ወደ መሃል የተቀደደው ይህ ዕድል በእጅጉ ያንሰዋል።

ከእነዚህ ውስጥ አንዳቸውም በራጅ አይታዩም። ራጅ አጥንትን ያሳያል። «ራጁ ምንም የለም አለ» ማለት «የተሰበረ አጥንት አልታየም» ማለት ብቻ ነው።

ታሪኩ ግማሽ ምርመራ ነው

የተካነ ሐኪም መጀመሪያ የሚጠይቀው እንዴት እንደተጎዳ ነው። አብዛኛው የኤሲኤል መበጠስ ከሌላ ተጫዋች ጋር በመጋጨት አይመጣም። ሮጦ ድንገት ሲቆሙ፣ ዘሎ ሲያርፉ ወይም እግር መሬት ላይ እንደተተከለ ሰውነት ሲዞር የሚደርስ ነው። ብዙ ተጎጂዎች «ጧ ሲል ሰማሁት» ይላሉ።

ቀጥሎ የሚጠየቀው መቼ እንዳበጠ ነው፤ ይህች ትንሽ የምትመስል ጥያቄ ብዙ ትለያለች። በሁለትና በሦስት ሰዓት ውስጥ ጉልበቱ እንደ ኳስ ከተነፋ በመገጣጠሚያው ውስጥ ደም ፈስሷል ማለት ነው። ስብራት የሌለበት ወጣት ጉልበት ውስጥ እንዲህ ደም ሲሞላ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ኤሲኤል መበጠሱ ነው። አድሮ በማግስቱ ያበጠ ከሆነ ግን ጥርጣሬው ወደ ሜኒስከስ ያደላል። «በመጀመሪያው ቀን ምን ሆነ?» የሚለውን መልስ በደንብ የሚያስታውስ ታካሚ ለሐኪሙ ውድ ከሆነ ምርመራ ያልተናነሰ መረጃ ይሰጠዋል።

ሦስተኛው ጥያቄ ከዚያ ወዲህ ስላለው ነው። ቀጥ ባለ መንገድ ደህና እየሄደ፣ ዞር ሲል ወይም ከጦሳ ተራራ ተዳፋት ሲወርድ «ጉልበቴ ከዳኝ» የሚል ሰው የሊጋመንት ጉዳትን ይገልጻል። «መሃል ላይ ይያዝና አልዘረጋ ይለኛል» የሚል ሰው ደግሞ የተቀደደ ሜኒስከስ በአጥንቶቹ መካከል እየተሰነቀረበት ሊሆን ይችላል።

ከዚያ እጅ ይከተላል። ለኤሲኤል ከሁሉ የሚታመነው የላክማን ምርመራ ነው፤ በፊላደልፊያው ሐኪም በጆን ላክማን የተሰየመና እ.ኤ.አ. በ1976 በጽሑፍ የታወቀ ነው። ታካሚው በጀርባው ይተኛል፣ ጉልበቱ ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ይታጠፋል። ሐኪሙ በአንድ እጁ ጭኑን ይዞ በሌላው ቅልጥሙን ወደ ፊት ይስባል። ጤነኛ ሊጋመንት በመጨረሻ «ጥብቅ» ብሎ ይይዛል፤ የተበጠሰው ይለቃል። ሁልጊዜም ከደህናው እግር ጋር ይነጻጸራል። ለሜኒስከስ የሚደረጉት ምርመራዎች፣ የሊቨርፑሉ ቶማስ ማክመሪ ያስተዋወቀውን ጨምሮ፣ ይህን ያህል አስተማማኝ አይደሉም፤ ሐኪሙ ብዙ ምልክት አጠራቅሞ ይፈርዳል።

እዚህ ላይ አንድ እንቅፋት አለ። በተጎዱበት ዕለት ሕመሙና እብጠቱ ጡንቻን ስለሚያኮማትሩ እጅ የሚያገኘው ትንሽ ነው። ስብራትና የደም ሥር ጉዳት አለመኖሩ ከተረጋገጠ በኋላ ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ቆይቶ ደግሞ መመርመር ትልቅ ልዩነት ያመጣል። በእኛ ዘንድ የሚጓደለው ይህ ሁለተኛው ቀጠሮ ነው። ሰው ማስታገሻ ወስዶ ሕመሙ ሲቀልለት አይመለስም። ጉልበቱ ደግሞ ከሦስት ወር በኋላ ሜዳ ላይ እንደገና ይከዳዋል፤ ያኔ ሜኒስከሱም አብሮ ሊቀደድ ይችላል።

ይህ ሁሉ አልጋና የሠለጠነ እጅ ብቻ ይፈልጋል። ደሴ ላይ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ተማሪዎችን የሚያስተምርበት ካምፓስ አለ። የጉልበት ምርመራ በደንብ የተለማመደ ወጣት ሐኪም በየጤና ተቋሙ ቢገኝ ወደ አዲስ አበባ ከሚደረገው ጉዞ ስንቱ ይቀር እንደነበር ማሰብ አያስቸግርም።

ራጅ መቼ ይጠቅማል?

ራጅ ሊጋመንት ስለማያሳይ አያስፈልግም ማለት ግን አይደለም። የካናዳ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1995 ያወጡት የኦታዋ ደንብ የሚባል መመሪያ አለ። ተጎጂው 55 ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ የጉልበቱ ሎሚ ብቻ ለይቶ ሲነካ ካመመው፣ ከጉልበቱ በታች በውጭ በኩል ያለው የቀጭኑ አጥንት ራስ ካመመው፣ ጉልበቱን 90 ዲግሪ ማጠፍ ካልቻለ፣ ወይም እንደተጎዳም ሲመረመርም አራት እርምጃ መራመድ ካቃተው ራጅ ይነሳ ይላል። አንዱም ከሌለ ስብራት የመኖሩ ዕድል እጅግ አነስተኛ ነው።

አልፎ አልፎ ራጅ ስለ ሊጋመንት በተዘዋዋሪ ይናገራል። ከቅልጥም አጥንት የላይኛው ውጫዊ ጠርዝ ላይ ተገንጥላ የምትታይ ትንሽ ስንጣሪ ኤሲኤል አብሮ ለመበጠሱ ጠንካራ ምልክት ናት። ፈረንሳዊው ፖል ሴጎንድ እ.ኤ.አ. በ1879፣ ራጅ ገና ሳይፈጠር፣ የገለጻት ይህች ስንጣሪ ለቸኮለ ዓይን ምንም አትመስልም። ሲቲ ስካን የሚታዘዘው ደግሞ አጥንቱ በውስብስብ ሁኔታ ሲሰበር ነው።

ኤምአርአይ ምን ያያል? ምን ይስታል?

ኤምአርአይ በኃይለኛ ማግኔትና በሬዲዮ ሞገድ በሰውነት ውስጥ ያለው ሃይድሮጅን የሚሰጠውን ምልክት ወደ ምስል ይቀይራል፤ የራጅ ዓይነት ጨረር የለውም። ሃይድሮጅን በብዛት የሚገኘው በውሃና በስብ ውስጥ ስለሆነ ራጅ የማያያቸው ለስላሳ ክፍሎች እዚህ ላይ ጎልተው ይወጣሉ። የማግኔቱ ኃይል በቴስላ ይለካል። 1.5 ቴስላና ከዚያ በላይ የሆነ መሣሪያ ጥቃቅን የልም አጥንት ጉዳትን አጥርቶ ያሳያል፤ አነስተኛ ኃይል ያለው መሣሪያ የተበጠሰ ኤሲኤልን ሊያሳይ ቢችልም በጥቃቅኑ ላይ ይደክማል። ስለዚህ «ኤምአርአይ ተነስቻለሁ» የሚለው ብቻውን በቂ መረጃ አይደለም፤ በምን ዓይነት መሣሪያ፣ ምን ተፈልጎ የሚለው አብሮ ይጠየቃል።

ትክክለኛነቱ ከፍተኛ ነው፣ ፍጹም ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2003 የብዙ ጥናቶችን ውጤት ያጠቃለለ አንድ ትንታኔ እንዳሳየው ኤምአርአይ ከ100 የተበጠሱ ኤሲኤሎች 94ቱን፣ ከ100 የተቀደዱ የውስጥ ሜኒስከሶች 93ቱን ይይዛል። በውጭው ሜኒስከስ ላይ ግን ቁጥሩ ወደ 79 ይወርዳል። ከአምስቱ አንዱ ያመልጣል ማለት ነው።

ከማምለጡ ይልቅ የሚያሳስበው ተቃራኒው ነው፤ የማያምመውንም ያሳያል። በአሜሪካ ፍራሚንግሃም ከተማ በ991 ሰዎች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ጥናት ዕድሜያቸው ከ50 እስከ 90 የሆኑትን መረመረ። ሜኒስከሳቸው ተቀዶ ከተገኙት መካከል 61 በመቶው ባለፈው ወር ምንም የጉልበት ሕመም አልነበረባቸውም። ዕድሜ ሲገፋ ሜኒስከስ እንደ ፀጉር ሽበት ይለወጣል። የስድሳ ዓመት አባት ጉልበታቸውን አሟቸው ኤምአርአይ ቢነሱና «ተቀዷል» የሚል ሪፖርት ቢይዙ ያ ቅዳድ የሕመማቸው ምክንያት ላይሆን ይችላል።

ታዲያ መቼ ይነሳ? ሐኪሞች በዚህ ላይ አንድ ዓይነት አቋም የላቸውም። በቶሎ ይነሳ የሚሉት የእጅ ምርመራ የሚያስተማምነው ልምድ ባለው ሰው እጅ ብቻ ነው፣ አንዱ ጉዳት ሌላውን ይሸፍናል፣ ዘግይቶ የተገኘ የሜኒስከስ ቅዳድ ለመስፋት ያስቸግራል ይላሉ። ክርክራቸው ክብደት አለው። በሌላው ወገን ያሉት ደግሞ ምስሉ ውሳኔውን የማይለውጥ ከሆነ ለምን ይነሳል ብለው ይጠይቃሉ። ኤሲኤሉ እንደተበጠሰ በእጅ የታወቀ፣ ለጊዜው ቀዶ ጥገና የማያስበውና የጡንቻ ማጠናከሪያ የሚጀምር ሰው ምስሉ ዛሬ ቢነሳም ባይነሳም የነገ ሥራው ያው ነው። መሣሪያው ጎረቤት ባለበት አገር ይህ ክርክር ቀላል ነው። አዲስ አበባ ድረስ ለሚላክ የደሴ ታካሚ ግን 400 ኪሎ ሜትር መንገድ፣ ማደሪያና አስታማሚ ማለት ነው። በዚህ ጸሐፊ ግምት ለእንዲህ ያለ ታካሚ ትክክለኛው ቅደም ተከተል የአጥንት ሐኪም ምርመራ መጀመሪያ፣ ኤምአርአይ ቀጥሎ ነው። ምርመራው ሲያጠራጥር፣ ቀዶ ጥገና ሲታቀድ ወይም ጉልበቱ አልዘረጋ ሲል ግን ለኤምአርአይ መንገድ መውጣቱ ያስፈልጋል።

ለሚሄድ ሰው ሁለት ነገር። ሲመለስ ወረቀቱን ብቻ ሳይሆን ምስሉን በሲዲ ይያዝ፤ ቀዶ ሐኪሙ ማየት የሚፈልገው ምስሉን ራሱን ነው። ሌላው ለወሎ ሰው ይበልጥ ያስፈልጋል። የ2014ቱ ጦርነት የደሴን ሆስፒታል አዘርፎ መሣሪያዎቹን ከማውደሙም በላይ በብዙ ሰው ሰውነት ውስጥ ፍንጣሪ ትቷል። ብረት በማግኔቱ ሊሳብና ሊንቀሳቀስ ይችላል፤ በተለይ ዓይን ወይም ትልቅ የደም ሥር አጠገብ ያለ ከሆነ አደገኛ ነው። ፍንጣሪ ያለበት ወይም የሚጠረጥር ሰው ወደ ክፍሉ ከመግባቱ በፊት ለባለሙያው መናገር አለበት፤ ቦታው በራጅ ይታያል።

በቀዳዳ የሚገባው ካሜራ

አርትሮስኮፒ መገጣጠሚያን በካሜራ ማየት ነው። ጃፓናዊው ኬንጂ ታካጊ እ.ኤ.አ. በ1918 ለፊኛ ምርመራ የተሠራ መሣሪያ ተጠቅሞ የአስከሬን ጉልበት ውስጥ ተመለከተ። ተከታዩ ማሳኪ ዋታናቤ መሣሪያውን አሻሽሎ እ.ኤ.አ. በ1962 የተቀደደ የሜኒስከስ ክፍልን በዚሁ መንገድ ቆርጦ አወጣ። ዛሬ በጉልበቱ ፊት አንድ ሴንቲ ሜትር የማይሞሉ ሁለት ቀዳዳዎች ይከፈታሉ። በአንዱ 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ካሜራ፣ በሌላው ትንሽ ሜንጦ ይገባል፤ ጉልበቱ በጨው ውሃ ይሞላል። ሐኪሙ በዓይኑ ከማየቱ በላይ በሜንጦው ይነካል፤ ልም አጥንቱ መለስለሱን፣ ሜኒስከሱ መላቀቁን፣ ሊጋመንቱ መላላቱን ይፈትሻል። የኤምአርአይ ትክክለኛነት ሲለካ ማነጻጸሪያው ይህ የሆነው ለዚህ ነው።

ይሁን እንጂ «ገብቶ ለማየት ብቻ» አርትሮስኮፒ ማድረግ ኤምአርአይ ከመጣ ወዲህ ቀርቷል ማለት ይቻላል። ማደንዘዣ አለው፤ ኢንፌክሽን ከመቶ ከአንድ ሰው በታች ቢሆንም ሲደርስ ልም አጥንትን ያጠፋል፤ በእግር ደም ሥር ውስጥ ደም ሊረጋ ይችላል። ኤምአርአይ ሩቅ በሆነበት ቦታ ግን ሌላ ሐሳብም ይነሳል። ጉልበቱ ተቆልፎ አልዘረጋ ያለ ሰው ቀዶ ጥገና እንደሚያስፈልገው እየታወቀ ለምስልም ለቀዶ ጥገናም ሁለት ጊዜ ለምን ይጉላላ? ይህ ትክክል የሚሆነው ሐኪሙ የሚያገኘውን ሁሉ እዚያው ለማከም ሲዘጋጅ ነው። ሊሰፋ የሚችል ሜኒስከስ አግኝቶ የመስፊያው ዕቃ ከሌለው ታካሚው ወይ ሁለተኛ ቀዶ ጥገና ይደረግለታል ወይ መዳን የሚችል ሜኒስከሱ ተቆርጦ ይጣላል። ቆርጦ መጣል ደግሞ ዋጋ ያስከፍላል፤ እንግሊዛዊው ፌርባንክ ሜኒስከስ የወጣለት ጉልበት በራጅ ላይ የመበላት ምልክት እንደሚያሳይ እ.ኤ.አ. በ1948 ጽፏል።

የተበጠሰ ሁሉ ቀዶ ጥገና ይፈልጋል?

በስዊድን ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት ኤሲኤላቸው የተበጠሰ 121 ወጣቶችን በዕጣ ለሁለት ከፈለ። አንዱ ቡድን በቶሎ ቀዶ ጥገና ተደረገለት። 59ኙ በፊዚዮቴራፒ ጀመሩ፣ ካስፈለገ በኋላ ቀዶ ጥገና ይደረግላቸዋል ተባለ። በሁለት ዓመት ውስጥ ከ59ኙ 23ቱ ቀዶ ጥገና ተደረገላቸው፣ በአምስተኛው ዓመት 30 ደረሱ። ግማሽ ያህሉ ያለ ቀዶ ጥገና ቆዩ፤ የሁለቱ ቡድኖች ውጤትም ተቀራራቢ ነበር። ይህ ጥናት ፕሮፌሽናል ተጫዋቾችን አላካተተም። ጡንቻው ጠንክሮም ጉልበቱ የሚከዳው፣ ሥራው ወይም ጨዋታው መዞርና መዝለል የሚበዛበት፣ ወይም አብሮ ሊሰፋ የሚችል ሜኒስከስ ያለው ሰው ቀዶ ጥገና ይጠቅመዋል። ሊጋመንቱ ብዙ ጊዜ የሚተካው ከራሱ ከታካሚው ጅማት ተወስዶ ነው። ወደ ኳስ ለመመለስም ቢያንስ 9 ወር መቆየት ይመከራል፤ በኖርዌይ የተደረገ ጥናት እስከ 9ኛው ወር ድረስ እያንዳንዱ የቆይታ ወር ዳግም የመጎዳትን መጠን በግማሽ ያህል እንደሚቀንስ አሳይቷል።

በዕድሜ ምክንያት ለተበላ ጉልበት ማስረጃው የተለየ ነው። በሂዩስተን እ.ኤ.አ. በ2002 በ180 ሰዎች፣ በፊንላንድ በ2013 በ146 ሰዎች ላይ የታተሙ ጥናቶች እውነተኛ አርትሮስኮፒን ቆዳ ተከፍቶ ውስጡ ሳይጸዳ ወይም ሳይቆረጥ ከተሰፋ «የማስመሰል» ቀዶ ጥገና ጋር አነጻጸሩ። የሂዩስተኑ የተበላ ጉልበትን ማጠብና ማጽዳት፣ የፊንላንዱ በጊዜ ብዛት የተቀደደ ሜኒስከስን መቁረጥ ነበር። በሁለቱም ልዩነት አልተገኘም። ለእናቶቻችንና ለአባቶቻችን ጉልበት የጭን ጡንቻን ማጠንከርና ክብደት መቀነስ ከካሜራው ይቀድማል።

ሶላት፣ ስግደትና በርጩማ

ስለ ጉልበት የምናነባቸው መመሪያዎች በአብዛኛው ወንበር ላይ ለሚቀመጥ ሕዝብ የተጻፉ ናቸው። ወሎ ውስጥ ጉልበት ሌላ ሥራ አለው። በቀን አምስት ጊዜ ለሶላት ይታጠፋል፣ በጾም ወራት ለስግደት ይወድቃል፣ በርጩማ ላይ ይቀመጣል፣ መጸዳጃ ቤት ቁጢጥ ይላል። እንዲህ እስከ መጨረሻው መታጠፍ የሜኒስከስን የኋላ ክፍል ይጫናል፤ የተሰፋ ሜኒስከስ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት፣ ብዙ ጊዜ እስከ ስድስተኛው ሳምንት፣ ከ90 ዲግሪ በላይ እንዳይታጠፍ ይከለከላል። ሐኪሙ ይህን ካልጠየቀ ታካሚው ራሱ ሊያነሳው ይገባል። በእስልምናም ሆነ በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት ለታመመ ሰው ተቀምጦ መጸለይ የተፈቀደ ነው።

የወጌሻ ነገርም እዚህ ይነሳል። ሰው ወደ ወጌሻ የሚሄደው ቅርብ፣ ርካሽና የሚያውቀው ስለሆነ ነው፤ ይህን ማውገዝ ማንንም አያስቀርም። ሁለት ነገር ግን መታወቅ አለበት። ደም የሞላውን ጉልበት በመጀመሪያዎቹ ቀናት ማሸት መድማቱን ያባብሰዋል። አጥብቆ መጠፈር ደግሞ የደም ዝውውርን አቋርጦ እግርን እስከ መቆረጥ ሊያደርስ ይችላል። ቀዝቃዛ ነገር መያዝ፣ እግርን ከፍ አድርጎ ማሳረፍ፣ ላላ ባለ ፋሻ መጠቅለል ለማንም ቤት የሚከብድ አይደለም።

ቀጠሮ የማይጠብቁት

እስካሁን የተባለው አብዛኛው ለቀናትና ለሳምንታት ጊዜ የሚሰጥ ነው። ጉልበቱ ጋል ብሎ አብጦ ትኩሳት ያለው ሰው ግን በዚያው ቀን መታየት አለበት፤ መግል የቋጠረ መገጣጠሚያ ልም አጥንቱን በቀናት ውስጥ ይበላዋል። ተቆልፎ አልዘረጋ ያለ ጉልበትም ለወራት አይተውም።

ከሁሉ የከፋው በሞተር ሳይክል፣ በባጃጅ ወይም በመኪና አደጋ ጉልበቱ ሙሉ በሙሉ ሲወልቅ ነው። ብዙ ሊጋመንቶች አንድ ላይ ይበጠሳሉ፣ ከጉልበት ጀርባ የሚያልፈው ዋና የደም ሥርም ሊቆረጥ ይችላል። አንዳንዴ ጉልበቱ ራሱ ተመልሶ ስለሚገባ ከውጭ ያበጠ ብቻ ይመስላል፤ ራጁም ደህና ሊሆን ይችላል። የደም ዝውውሩ ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ባለው ጊዜ ካልተመለሰ እግሩን ማዳን ያስቸግራል። ከደሴ ወይም ከኮምቦልቻ አዲስ አበባ ያለው የመኪና መንገድ ያንን ሰዓት ብቻውን ሊጨርሰው ይችላል። ስለዚህ የእግር ጣቶቹ መሞቃቸውና የቁርጭምጭሚቱ ትርታ መኖሩ ከደህናው እግር ጋር እየተነጻጸረ የሚታየው፣ በጽሑፍም የሚመዘገበው፣ አምቡላንሱ ከግቢው ከመውጣቱ በፊት ነው።